ከጆሮዋ ፊት የተገኘችው ጠጠር

ነገሩ የተጀመረው ሹሩባ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ 9 ዓመቷ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ እናቷ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ወዳለች ሹሩባ ሠሪ ወሰደቻት። ሴትዮዋ ፀጉሯን እየከፈለች ከጆሮዋ ፊት ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ነካ ነካ አደረገችው። «እናቷ፣ ይኼን ነገር ታውቂዋለሽ? ጠጠር አለ እዚህ» አለች።

እህቴ አታውቀውም። ዳሰሰችው። ሽምብራ ያህላል። ከቆዳው ሥር ነው፤ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ልጅቷን አያማትም። እንዲያውም «ቆየኮ» አለች። ማንም ስላልጠየቃት ዝም ብላ ከርማለች።

ማታውኑ ተደወለልኝ። ባዮሎጂ ስለማስተምር ቤተሰቡ ግማሽ ሐኪም አድርጎኛል። ስደርስ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ መድኃኒቱም ተዘርዝሮ አልቋል። አንዷ «ዕጢ ነው፤ ቶሎ ይተኮስ» ትላለች። ሌላዋ የቅንጭብ ወተት ጠብ ይደረግበት ባይ ናት። ከዘጌ የመጡት አክስታችን ደግሞ በፈረስ ጭራ ጥብቅ አድርገው ካሰሩት በሳምንቱ ይወድቃል አሉ። (እሳቸው ያዩት ኪንታሮት ነው። ከቆዳ ሥር ያለን ነገር ምኑን ይዘው ያስሩታል?) እህቴ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፦ ዕጢ። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

ስሟን ያወቅነው ቆይተን ነው። ፒሎማትሪኮማ ትባላለች። ከፀጉር ሥር ከሚነሡ፣ ካንሰር ካልሆኑ፣ ብዙ ሰው ከማያውቃቸው የቆዳ ዕጢዎች አንዷ ናት። ዘመዶችም አሏት፤ እነሱም ጋ እንደርሳለን።

አስቀድመን ግን ቃሏን እንፍታት፤ ከፍርሃቱ ግማሹ የሚመጣው ከቃሉ ነውና። አማርኛችን «ዕጢ» ላይ ብዙ ሸክም ጭኗል። ምራቅና ሆርሞን የሚያመነጩት ጤነኛ የሰውነት ክፍሎች ዕጢ ይባላሉ። አንገትና ብብት ውስጥ ያሉት፣ ጉሮሯችን ሲታመም የሚያብጡትም ዕጢ ናቸው። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ የሚወጣው ንፍፊትም ያው ነው። ያለ ቦታው የበቀለ እብጠትም ዕጢ ነው። በዚህ ላይ «ነቀርሳ» ይጨመራል። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ስንል ደግሞ ካንሰር። አንዲት እናት «ዕጢ» የሚል ቃል ስትሰማ ይኼ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚወርድባት።

እዚህ ዕጢ የምለው ሴሎች ከልክ በላይ ተባዝተው የፈጠሩትን እብጠት ነው። በቃ። ካንሰር የሚባለው ዙሪያውን እየበላ የሚገባው፣ በደም ወይም በሊምፍ ተጉዞ ሌላ ቦታ የሚተከለው ነው። ይኼን የማያደርገው ባለበት ይቀመጣል። ቦታ ይይዛል፣ መልክ ያበላሻል፣ አንዳንዴ ያማል። ሰው የሚገድለው ግን ከስንት አንድ ነው።

አሁን ወደ ፀጉር። አንዲት ፀጉር ከሥሯ ብንነቅል ጫፏ ላይ ትንሽ እብጠት እናያለን፤ የባሮ ሽንኩርት ራስ ትመስላለች። ፋብሪካው ግን ቆዳ ውስጥ ይቀራል። እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ጠባብ ከረጢት አለው። አናታችን ላይ ብቻ 100,000 ገደማ ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው ድርብርብ ነው። ጎናቸው ላይ ቅባት የሚያመነጭ ዕጢ ተለጥፏል (ይኸው፣ ደግሞ ዕጢ)። ብርድ ሲመታን ፀጉራችንን የምታቆም ትንሽ ጡንቻም አለች። እታች፣ ከረጢቱ መጨረሻ ላይ፣ ማትሪክስ የሚባሉ ሴሎች ይኖራሉ። ሰውነታችን ውስጥ እንደነሱ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ጥቂት ነው። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት ፀጉር የሚያረግፈውም ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚባዛውን ሁሉ ይመታል።

የማትሪክስ ሴሎች ሥራቸው መሞት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ይባዛሉ። ወደ ላይ ይገፋሉ። ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ይሞላሉ። ከዚያ ይሞታሉ። ሬሳቸው ተደርድሮና ተጠባብቆ ፀጉር ይሆናል፤ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ሹሩባ ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ የምትጎነጉነው የሞተ ሴል ነው። ይኼን ክፍል ውስጥ ስናገር ሴት ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ፀጉራቸውን ይነካሉ።

ፋብሪካው ያለማቋረጥ አይሠራም። ይሠራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። «ሥራ ጀምር» የሚለውን ትእዛዝ ከሚያደርሱት አንዱ ቤታ-ካቴኒን የሚባል ፕሮቲን ነው። ትእዛዙ ሲበቃ ሴሉ ራሱ ቤታ-ካቴኒኑን ሰባብሮ ያስወግደዋል። እኔ ይኼን የማስረዳው በጨራጨራ ነው፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ባለው የውኃ መቆጣጠሪያ። በሩ ሲከፈት ውኃው ይለቀቃል፤ ሲበቃ ይዘጋል። በሩ እንደተከፈተ ተነክሶ ቢቀርስ? ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ፒሎማትሪኮማ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንዲት ሴል ውስጥ፣ የቤታ-ካቴኒን ዘረ-መል ላይ ትንሽ ስሕተት ይፈጠራል። ፕሮቲኑ አልሰበር ይላል። ትእዛዙ መቆሚያ ያጣል። ይኼ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ስሕተቱ በአብዛኛው ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። እናት በእርግዝናዋ የበላችው ወይም ያማራት ነገር አያመጣውም። ይኼን ለይቼ የምጽፈው እህቴ «ምን አድርጌ ነው?» እያለች ሦስት ጊዜ ስለጠየቀችኝ ነው። ምንም አላደረገችም። ሹሩባው ጠብቆ ስለተሠራም አይደለም። ጠብቆ የሚሠራ ሹሩባ ከግንባር በላይ ያለውን ፀጉር ሊያሳሳ ይችላል፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጠጠር ግን አያበቅልም።

ታዲያ ድንጋዩ ከየት መጣ? ትእዛዙ አለ፤ መውጫው ግን የለም። ሴሎቹ እንደ ልማዳቸው ይባዛሉ፣ ኬራቲን ይሞላሉ፣ ይሞታሉ። ነገር ግን ተደርድረው ወደ ላይ የሚወጡበት መንገድ ስለሌለ እዚያው ይከመራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሴሉ ዙሪያ ገጽ አለ፤ መሐሉ ላይ ኒውክሊየሱ (የሴሉ እምብርት) የነበረበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ባለሙያዎች «የጥላ ሴሎች» ይሏቸዋል። (አክስታችን ይኼን ስም ሲሰሙ አማተቡ።) ሰውነታችን ደግሞ የሞተ ነገር አንድ ቦታ ተከማችቶ ሲቆይበት ካልሲየም የማልበስ ጠባይ አለው። ክምሩ ቀስ በቀስ ኖራ ይሆናል። አንዳንዱ ጭራሽ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። ተቆርጦ ሲታይ እርጥብ ጠመኔ ይመስላል።

እንግዲህ ያቺ ጠጠር ፀጉር ናት። ልሁን ብላ ያልሆነላት ፀጉር።

በሕክምና ጽሑፍ የገለጿት ማሌርብና ሸናንቴ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1880። እነሱ ከቅባት ዕጢ የወጣች መስሏቸው ነበር። ከፀጉር ማትሪክስ መምጣቷን የሚናገረው ስም የወጣላት በ1961 ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ በሌላ አባት ስም ስትጠራ ኖረች።

አብዛኛውን ጊዜ የምትወጣው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው፤ ሴቶች ላይ በመጠኑ ትበዛለች። ቅንድብ አካባቢ፣ ጆሮ ፊት፣ አንገት፣ ክንድ ትወዳለች። ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ የምታድገው በወራትና በዓመታት ነው። ከላይ ካለው ቆዳ ጋር ተያይዛለች፤ ከሥሯ ካለው ሥጋ ጋር ግን አይደለም። ስለዚህ ስትገፋ ከቆዳው ጋር ትንሸራተታለች።

ሐኪሞች የሚፈልጓቸው ሁለት ምልክቶች አሉ። ቆዳው በሁለት ጣት ሲወጠር ጠጠሯ ማዕዘን ማዕዘኗን አውጥታ ትታያለች፤ ሸራው ሲሳብ ምሰሶው እንደሚያሾልከው ድንኳን። ሌላው ደግሞ አንድ ጫፏ ሲጫን ሌላው ጫፏ ብድግ ማለቱ ነው። ይኼ ለጣና ዳር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የደንገል ታንኳ ላይ ወደ አንዱ ጫፍ ያዘነበለ ሰው ሌላኛው ጫፍ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል።

የውጭ መጻሕፍት ቆዳው ላይ ሰማያዊ ጥላ ይታያል ይላሉ። እሱ የነጭ ቆዳ ነገር ነው። እኛ ላይ ቢበዛ ጠቆር ይላል። የእኛዋን ያገኘው ጣት ነው እንጂ ዓይን አይደለም፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጉንጯን ስሜያት አላየሁም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል። አንገት ላይ ያለ እብጠት ሁሉ ይቺ ናት ብሎ መተኛት አደጋ አለው። አገራችን ውስጥ ልጅ አንገት ላይ እብጠት ሲወጣ ሐኪሙ ቶሎ የሚያስበው የሊምፍ ዕጢ ቲቢን ነው። ትክክልም ነው፤ ብዙ አለና። የቲቢው ብዙውን ጊዜ እንደ ድንጋይ አይደርቅም፤ እንደ ጎማ ነው። ጠለቅ ይላል። እርስ በርሱ ተያይዞ ዘለላ ይሠራል። ሲቆይ ይለሰልስና ቆዳውን ቀዶ ይፈሳል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ አብረውት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ላይኖሩም ይችላሉ። እሱ በመድኃኒት ነው የሚድነው፤ በመተኮስ የባከነ ጊዜ ሁሉ ለበሽታው ትርፍ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የአንገት እብጠት ይታይ። እንደ ሊጥ የሚለሰልሰው ብዙ ጊዜ የስብ እብጠት ነው። መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለውና ሲጫኑት የሚሸት ነጭ ነገር የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ነው፤ ከቆዳው የላይኛው ሽፋን የተሠራ ከረጢት ነው።

ወደ ጎረቤቶቻችን መድኃኒት ልመለስ። የቅንጭብ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ይጎዳል። ከጆሮ ፊት እስከ ዓይን ስንት ጣት ነው? መተኮሱም ቢሆን የሚያቃጥለው ከላይ ያለውን ቆዳ ነው። ጠጠሯ ከሥር ቁጭ ብላ ትስቃለች። የእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ የተቃጠለ ቦታ ኬሎይድ ሊያወጣ ይችላል፤ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ እየተቆለለ ያድጋል። የሽምብራ ያህል ጠጠር ለማጥፋት የባቄላ ያህል ጠባሳ ማትረፍ ነው። ማፍረጥም አይሠራም። ኖራ እንጂ መግል የላትም። ጠበሉን ግን ማንም አልከለከለም፤ እህቴ ወስዳታለች፤ ከሐኪም ቤቱ ጋር አልተጣሉም።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወት አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮንም አለ። ከደሴቶቹና ከጣና ማዶ ለሚመጣ ሰው ጀልባና መኪና ቀያይሮ መድረስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኛ ግን ባጃጅ ይዘን ነው የሄድነው።

ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚደረገው በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለቲቢውም ጥሩ መለያ ነው። ለዚህች ጠጠር ግን ወጥመድ አለው። መርፌው ከዳር በኩል ከገባ የሚያገኘው ገና ያልሞቱትን፣ በፍጥነት የሚባዙትን ሴሎች ነው። እነሱ ብቻቸውን ሲታዩ ካንሰር ሊመስሉ ይችላሉ። የጥላ ሴሎቹ ከገቡበት ግን ነገሩ ይገለጣል። ስለዚህ «አጠራጣሪ» የሚል ወረቀት የደረሰው ቤተሰብ ከመደንገጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፦ ጠጠሩ ድንጋይ መሆኑ፣ የልጅቷ ዕድሜ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ ማይክሮስኮፕ ላይ ለሚያየው ባለሙያ ተጽፎለታል ወይ? ይኼ ትንሽ ነገር ይመስላል። ናሙናው ላይ ዓይኑን የጣለው ሰው ግን ልጅቷን አላያትም። ያለው ናሙናው የተቀባበት የመስታወት ቁራጭና ወረቀት ብቻ ነው።

ሕክምናው ማውጣት ነው። በራሷ ትጠፋለች ማለት አይቻልም። ትልልቅ ልጆችና አዋቂዎች በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራላቸዋል፤ ትንንሾቹን ማስተኛት ሊያስፈልግ ይችላል። ከነሽፋኗ ሙሉ በሙሉ ከወጣች የምትመለሰው ከስንት አንድ ነው። የወጣው ነገር ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ይላካል። ይኼን «ወጥታለች፣ ምን ያደርጋል» ብሎ መተው አይገባም፤ የመጨረሻውን ስም የሚያወጣላት እሱ ነው። ክፉ የሆነች ካንሰር ዘመድ አለቻት፤ በጣም ብርቅ ናት፣ በብዛትም የምትታየው ጠና ያሉ ሰዎች ላይ ነው። ከተወገደች በኋላ ደግማ የበቀለች ግን እንደገና ትመርመር። ጠጠሮቹ ብዙ ከሆኑም ሐኪሙ ከቆዳው ባሻገር ይጠይቃል፦ ቤተሰብ ውስጥ እጁን ከጨበጠ በኋላ ቶሎ መዘርጋት የሚያቅተው ሰው አለ? የአንጀት ዕጢ ያለበትስ? ብዙ ፒሎማትሪኮማ አንዳንዴ ከእንዲህ ያሉ የዘር በሽታዎች ጋር ይመጣል።

ዘመዶቿ ጋ ደረስን። የፀጉር ከረጢት ብዙ ክፍል ስላለው ከየክፍሉ የሚነሣ ዕጢ አለ። ስማቸው ምላስ ይሰብራል፤ «ትሪኮ» የሚለው የግሪክ ቃል ፀጉር ማለት መሆኑን ካወቃችሁ ግማሹ ተፈታ። ደስ የሚለኝ ትሪኮፎሊኩሎማ ነው። አፍንጫ አካባቢ የምትወጣ አንዲት እብጠት ናት፤ መሐሏ ላይ ቀዳዳ አላት፤ ከቀዳዳዋ ጥጥ የመሰሉ ቀጫጭን ነጫጭ ፀጉሮች ብቅ ይላሉ። ይቺ ደግሞ ቢያንስ ተሳክቶላታል።

ትሪኮኤፒቴሊዮማ የቤተሰብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በጉርምስና አካባቢ ከአፍንጫ ግራና ቀኝ የቆዳ ቀለም ያላቸው ትንንሽ እብጠቶች ይጀምራሉ። ብጉር ይመስላሉ፤ ግን አይፈርጡም፣ አይጠፉም፣ ከዓመት ዓመት ይጨምራሉ። እናቲቱ ላይ አሉ፣ ልጅቱ ላይ አሉ፣ አያቲቱም ላይ ነበሩ። በእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ሲ ዋይ ኤል ዲ የሚባል ዘረ-መል የተበላሸ ሆኖ ይገኛል፤ ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። በዚሁ ዘረ-መል የተነሣ አንዳንዶቹ አናት ላይ ሲሊንድሮማ የሚባል ዕጢ ይበዛል። ሲበዛ ራሱን ሸፍኖ ጥምጥም የጠመጠመ ስለሚያስመስል የጥምጥም ዕጢ ተብሏል። ካንሰር አይደለም፤ ሰው ፊት ለመቅረብ ግን ያሳቅቃል። ትሪኮኤፒቴሊዮማ አንዲት ብቻዋን ስትወጣ ደግሞ ቤዛል ሴል ከሚባለው የቆዳ ካንሰር ጋር ትምታታለች። በማይክሮስኮፕ እንኳ ልምድ ያለው ዓይን ትፈልጋለች።

ሁለት ሌሎችን በአጭሩ ልጥቀስ፤ እነሱ ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ ወሬ ነጋሪ ስለሆኑ። ፊት ላይ ብዙ ትሪኪሌሞማ ያለበት ሰው ካውደን የሚባል የዘር ችግር ሊኖርበት ይችላል፤ ጡቱና የእንቅርት ዕጢው (አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ) ክትትል ይፈልጋሉ። ከ20ዎቹ ዕድሜ በኋላ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ብዙ ፋይብሮፎሊኩሎማ የወጣበት ሰው ደግሞ ሳንባውና ኩላሊቱ መታየት አለባቸው፤ ይኼን እ.ኤ.አ. በ1977 የገለጹት ሦስት የካናዳ ሐኪሞች ናቸው። አያቶቻችን ጉንጭ ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ግን እነዚህ አይደሉም። ጥቁር ቆዳ ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ተዉአቸው።

የእኛዋ ጠጠር በሰላም ወጣች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ወስጄ ላሳያት ብላ አለቀሰች፤ ፎርማሊን ውስጥ ገብታ ሄደች ተባለች። ውጤቱ መጣ። ስፌቱ ዳነ። ለትንሣኤ ደግሞ ሹሩባ አማራት።

ሹሩባ ሠሪዋ ጠባሳውን ዳሰስ አድርጋ «ምን ነበር በመጨረሻ?» አለች። እህቴ፣ ከእኔ የሰማችውን ይዛ፣ «ፀጉር ነው አሉ። መውጫ ያጣ ፀጉር» አለቻት።

ሴትዮዋ ማበጠሪያዋን ይዛ ትንሽ አሰበች። «ወይ ጉድ! ቢወጣልኝ ኖሮ እኮ እጎነጉነው ነበር።»